«ከግንባርሽ አፍንጫ ይሠራልሻል» ተባልኩ፤ ልስማማ ወይስ ልተወው?

«ዕድሜዬ 27 ነው፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ውሻ ነክሶኝ የአፍንጫዬን የቀኝ ክንፍና የጫፉን ግማሽ አጣሁ። የእብድ ውሻ ክትባቱን ጨርሻለሁ፣ ቁስሉም ድኗል። ቀዳዳው ግን እየጠበበ ሄዶ በቀኝ በኩል መተንፈስ አቅቶኛል። በሪፈር አዲስ አበባ ሄጄ ያየኝ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ከግንባሬ ቆዳ አዙሮ፣ ከጆሮዬ ልም አጥንት ወስዶ፣ በሦስት ቀዶ ሕክምና እንደሚሠራው ነገረኝ። ከተረፈው አፍንጫዬም ትንሽ እቆርጣለሁ አለኝ። እናቴ ‘ደህናውን ግንባርሽን አታስነኪ’ ትላለች። ግንባሬ ላይ በልጅነቴ የተነቀስኩት መስቀል አለ። ጅዳ ያለችው አክስቴ ደግሞ ‘በመርፌ ሞልተው በአንድ ቀን የሚያስተካክሉ የውበት ክሊኒኮች አሉ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ’ ትለኛለች። ከጭኔ ቆዳ ቢወሰድ አይሆንም? ሦስት ጊዜስ ለምን? ሠርጌ ለጥር ተቆርጧል። በሕይወት ተርፌ ስለ መልኬ መጨነቄም አንዳንዴ ያሳፍረኛል።»
ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

ውድ እህታችን፣ ከመጨረሻው እንጀምር። የሚያሳፍር ነገር የለም። አፍንጫ ወደ ሳንባ የሚገባውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያስቀራል። ክንፉ ጎድሎ ጠባሳው ሲሸበሸብ አየር የሚገባበት በር ይዘጋል፤ ያንቺም ችግር ይኸው ነው። የመልኩም ነገር ቢሆን ተራ አይደለም። ሰው ሲያነጋግርሽ ዓይኑ የሚመላለሰው ከዓይንሽ ወደ አፍንጫሽ፣ ከአፍንጫሽ ወደ አፍሽ ነው። ጉንጭ ላይ ያለን ሰፋ ያለ ጠባሳ ብዙ ሰው ቶሎ ይለምደዋል፤ አንደኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ከሌላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ ግን ምኑ እንደሆነ ለይቶ ባያውቀውም ዓይኑ እዚያው ይቀራል። በየቀኑ በተማሪዎች ፊት ለምትቆም ሴት ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ሳናይሽ ሳንመረምርሽ ውሳኔ አንሰጥም። ከጻፍሽው ተነሥተን ስናየው ግን ሐኪሙ የነገረሽ ዕቅድ በዓለም ዙሪያ ለእንዲህ ያለ ጉዳት የሚመረጠው ዕቅድ ነው። አደገኛው የአክስትሽ ሐሳብ ነው።

በመርፌ የሚሰጠው ፊለር ያለውን ነገር ከፍ ለማድረግ እንጂ የጠፋውን ለመተካት አይሆንም። ክንፉ የለም፤ ምኑ ይሞላል? ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ጠባሳ በያዘው ቆዳ ውስጥ የተረፉት የደም ሥሮች ጥቂትና ጠባብ መሆናቸው ነው። ፊለሩ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ወይም ከውጭ ከተጫነው ቆዳው ደም አጥቶ ይጠቁራል፣ ይረግፋልም። የአፍንጫ ጀርባ የደም ሥሮች ከዓይን የደም ሥሮች ጋር ስለሚገናኙ አፍንጫ ላይ በተወጋ ፊለር ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች አሉ። ደህና አፍንጫ ላይ እንኳ ይህ ከደረሰ፣ በጠባሳ ላይ መሞከር ጨርሶ አይመከርም። «ፊለሩ ካልሆነ ሲሊኮን እንክተትልሽ» የሚል ቢመጣም መልሱ ያው ነው፤ በቀጭንና በተወጠረ ጠባሳ ሥር የገባ ሲሊኮን ውሎ አድሮ ቆዳውን በስቶ ይወጣል። አክስትሽ ገንዘቡን መላክ ከፈለገች ለሦስቱ ቀዶ ሕክምናዎች፣ ለአዲስ አበባ ምልልሱና ለማደሪያው ይሁን፤ እሱም ቀላል ወጪ አይደለም።

የጭን ቆዳ ለምን አይሆንም ላልሽው፣ ከሰውነት ተቆርጦ የሚለጠፍ ቆዳ፣ ሐኪሞች ግራፍት የሚሉት፣ የራሱ ደም ይዞ አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተለጠፈበት ሥጋ እርጥበት እየመጠጠ ይቆያል፤ ከዚያ ከሥሩ ደም ሥር ካልገባለት ይሞታል። ያንቺ ክንፍ ጠፍቷል፤ ግራፍቱ የሚያርፍበት ሥጋ የለም። ከሥሩ ልም አጥንት ቢደረግለት ደግሞ ራቁቱን የቆመ ልም አጥንት ግራፍትን አያበላም። ቢይዝ እንኳ ይሸበሸባል፤ የጭን ቆዳም ፊት ላይ በቀለሙ ለብቻው ይታያል። ጉዳቱ ጠርዙ ላይ ብቻ ሆኖ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም ባይበልጥ ኖሮ ከጆሮ ጠርዝ ቆዳውንም ልም አጥንቱንም አንድ ላይ ቆርጦ በአንድ ቀን መትከል ይሞከር ነበር። ጫፉም ስለተነካ ያ በር ላንቺ ተዘግቷል።

የግንባሩ ቆዳ የሚለየው ደም ሥሩን ይዞ መዞሩ ነው። ፍላፕ ይባላል። ከቅንድብሽ ውስጠኛ ጫፍ አጠገብ፣ ከፊትሽ መሃል መስመር ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ ላይ ወደ ፀጉር የሚወጣ ደም ቅዳ አለ። ሐኪሙ ያንን ደም ሥር በያዘ፣ ወርዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል በሆነ የቆዳ ድልድይ ላይ የላይኛውን ግንባር አንሥቶ ወደ ታች ያዞረዋል። የግንባር ቆዳ በቀለምም በውፍረትም ለአፍንጫ ከየትኛውም የሰውነት ክፍል የቀረበ ነው። ለእናትሽ አዲስ ነገር ስለሚመስላቸው እንንገራቸው፤ ሕንዶች ከብዙ ዘመን ጀምረው ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1794 አንድ የለንደን መጽሔት አፍንጫው ተቆርጦ ከግንባሩ የተሠራለትን የበሬ ጋሪ ነጂ ታሪክ ከነሥዕሉ አወጣ፤ ከዚያ ጆሴፍ ካርፑ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1814 ሠርቶት በ1816 መጽሐፍ አደረገው። ዛሬ የሚሠራው በብዙ የተሻሻለው ነው።

ዋናው የተሻሻለውም ገበሩ ነው። አፍንጫ እንደ ኮት ነው፤ ውጪው ጨርቅ አለ፣ ቅርጹን የሚያቆመው ማጠንከሪያ አለ፣ ከውስጥ ደግሞ ገበር አለ። ሦስቱም ካልተተኩ ሥራው አይቆምም። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ውጪው ቆዳ ነው፤ አፍንጫውን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ የውስጡ ነው። ገበር ያልተሠራለት ፍላፕ ከውስጥ በኩል ጥሬ ሥጋ ሆኖ ይቀራል፣ ጥሬ ሥጋ ሲድን ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ቀዳዳውን ይዘጋዋል፣ ክንፉንም ወደ ላይ ይስበዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው ይህን ይሁን፦ «ውስጡን በምን ትሸፍኑታላችሁ?» መልሱ የፍላፑን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎ መስፋት ሊሆን ይችላል፤ ዳር ላይ ያለውን የጠባሳ ቆዳ እንደ በር ገልብጦ ማስገባትም ሊሆን ይችላል፤ ከአፍንጫ መሃለኛ ግድግዳ ስስ ሽፋን አምጥቶ መሸፈንም አለ። የትኛውም ቢሆን ግልጽ መልስ ሊኖረው ይገባል። «እሱ ራሱ ይሸፈናል» ካለሽ ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ማጠንከሪያው ነው። አንድ የሚገርም ነገር አለ፦ ደህናው የአፍንጫ ክንፍ ጠርዙ ላይ ልም አጥንት የለውም፤ ቆዳና ስብ ብቻ ነው። አዲስ የሚሠራው ክንፍ ግን ልም አጥንት ካልገባለት በጠባሳው ኃይል ይሸበሸባል፣ አየር ስትስቢም ወደ ውስጥ ይጣበቃል። ስለዚህ በተፈጥሮ በሌለበት ቦታ ይገባል፤ የሚገባውም ገና ከመጀመሪያው፣ ጠባሳው መኮማተር ሳይጀምር ነው። ከጆሮሽ የሚወሰደው ከጉድጓዱ ነው፤ ስፌቱ ከጆሮ ጀርባ ስለሚሆን አይታይም፣ የጆሮሽም ቅርጽ አይለወጥም። ረዘም ያለና ጠንካራ ካስፈለገ ከጎድን ይወሰዳል። የጎድኑ ቁስል ሲተነፍሱ ለተወሰኑ ቀናት ያማል፤ ልም አጥንቱም ተቀርጾ ከገባ በኋላ የመጣመም ጠባይ አለው። ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ሌላ ቦታ ስትቆረጪ ያበጠና ያደገ ጠባሳ፣ ማለትም ኬሎይድ፣ ወጥቶብሽ ከሆነ አሁኑኑ ተናገሪ። ደረት ኬሎይድ ከሚወድዳቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ከጎድን መውሰዱ እንደገና ይታሰብበታል።

«ከተረፈው አፍንጫዬ ይቆርጣል» ያልሽው እናትሽን ሳያስደነግጥ አልቀረም። ምክንያቱ ይህ ነው። ሐኪሞች የአፍንጫን ገጽ በዘጠኝ ክፍል ይከፍሉታል፦ ጀርባው፣ ሁለቱ ጎኖች፣ ጫፉ፣ ሁለቱ ክንፎች፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው አምድ፣ በጫፉና በአምዱ ማዕዘን ያሉት ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች። በክፍሎቹ መካከል በተፈጥሮ የብርሃንና የጥላ መስመር አለ። ስፌት በዚያ መስመር ላይ ካረፈ ዓይን ጥላ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ በክፍሉ መሃል ካለፈ የተጣፈ ይመስላል። ቡርጀትና ሜኒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት መርህ፣ ከአንድ ክፍል ከግማሽ በላይ ከጠፋ የቀረውንም አንሥቶ ክፍሉን በሙሉ መተካት ይሻላል የሚል ነው። ሐኪምሽ የሚቆርጠው ከጫፍሽ የቀረውን ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሐኪም ይህን እንደ ሕግ አይከተለውም፤ ደህናውን ቆዳ መቆጠብ የሚመርጡም አሉ። ምክንያቱን ጠይቂው እንጂ ስለ ቆረጠ ብቻ አትሽሺ።

ሌላም ነገር አለ። ቀዶ ሕክምናው ሲጀመር የተኮማተረው ጠባሳ ተከፍቶ የተሳበው ሥጋ ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያኔ ጉድለቱ ዛሬ በመስታወት ከምታዪው ሰፍቶ ይታያል። ፍላፑ የሚለካውም በዛሬው ጉድለት አይደለም፤ በግራው ደህና ክንፍሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የስፌት ክር የታሸገበት ስስ የአልሙኒየም ወረቀት በግራው ክንፍ ላይ ተጭኖ ቅርጹ ይወሰዳል፣ ይቆረጣል፣ ተገልብጦ የቀኙ ልክ ይሆናል፤ ከዚያ ግንባር ላይ ተቀምጦ በቀለም ይከበባል። እዚህ ላይ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከተሳተ በኋላ ማረም ያስቸግራል።

አሁን ወደ መስቀሉ። ከግንባር የሚነሣው ቆዳ ንቅሳቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። ንቅሳትሽ ዝቅ ብሎ በቅንድቦችሽ መካከል ወይም ድልድዩ በሚሆነው ክፍል ላይ ካረፈ ችግር የለውም፤ አፍንጫ የሚሆነው የላይኛው፣ ወደ ፀጉር የቀረበው ክፍል ነው። ከፍ ብሎ ከሆነ ግን አፍንጫሽ ላይ የመስቀል ቁራጭ ይወጣል። ሐኪሙ ፍላፑን ከመሃል መስመር ወደ ጎን አርቆ ሊያነሣው ይችላል፤ ባይቻል በኋላ በሌዘር የሚደበዝዝበት መንገድ አለ። ንቅሳቱ እንዳይቆረጥ ወይም ቦታውን እንዳይለቅ የምትፈልጊ ከሆነም ከመተኛትሽ በፊት በግልጽ ተናገሪ፤ ሐኪም በግምት የሚያውቀው ነገር አይደለም።

ከንቅሳቱ ይልቅ የሚያሳስበው ብጣት ነው። በልጅነትሽ ለዓይን ሕመም ተብሎ ቅንድብሽ አካባቢ ተበጥተሽ ከሆነ፣ ምላጩ ያለፈው ልክ ያ ደም ቅዳ በሚወጣበት ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። ጠባሳው ትንሽ ስለሆነ ማንም አይነግርሽም፤ አንቺ አሳዪው። በዶፕለር፣ ማለትም የደም ሥርን ትርታ በድምፅ በሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ፣ የትኛው ወገን ደህና እንደሆነ ይለያል። በቀኝ ቢጠረጠር ከግራ ይነሣል። በተጨማሪ ከቅንድብሽ እስከ ፀጉርሽ መነሻ ያለው ርቀት ይለካ። ግንባርሽ አጭር ከሆነ የፍላፑ ጫፍ ፀጉር ውስጥ ይገባና አፍንጫሽ ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ ይህም በኋላ ሥሩን በመንቀል ወይም በሌዘር ይስተካከላል፣ አስቀድሞ ማወቁ ግን ይሻላል።

ሦስት ጊዜ የሆነበት ምክንያት ደም ነው። በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ማደንዘዣ ተኝተሽ ለሰዓታት በሚቆይ ሥራ ገበሩና ልም አጥንቱ ይገባል፣ ፍላፑም ሳይሳሳ፣ ከነስቡና ከነጡንቻው ዞሮ ይሰፋል። ወፍራም ነው፤ ድንች የመሰለ አፍንጫ ይዘሽ ትነቂያለሽ። ከቅንድብሽ እስከ አፍንጫሽም ድልድዩ በዓይንሽ ጥግ ያልፋል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ፍላፑ ከአዲሱ ቦታው ደም ማግኘት ይጀምራል። ያኔ ሁለተኛው ቀን ይመጣል፦ ድልድዩ ሳይነካ የአፍንጫው ቆዳ እንደገና ተነሥቶ ስቡና ጡንቻው ይላጣል፣ ውፍረቱ ወደ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ልም አጥንቱም ተጠርቦ ይስተካከላል። ቅርጹ የሚወጣው በዚህ ቀን ነው። ከዚያ ሌላ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ተጠብቆ ድልድዩ ይቆረጣል፣ የቀረው ሥሩም ወደ ቅንድብሽ ይመለሳል። በጠቅላላው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። በሁለት ጊዜ የሚጨርሱ ሐኪሞች አሉ፤ ፍላፑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ጫፉን ያሳሱትና በሦስተኛው ሳምንት ድልድዩን ይቆርጡታል። ለቀላል ጉዳት ያ በቂ ነው። ገበርም ልም አጥንትም አብሮ በሚሠራበት አፍንጫ ግን ሦስቱ ለደሙ ደህንነት ይሰጣል፤ እኛም ወደዚያው እናደላለን።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው መካከል ነው። መልኩ ከጉዳቱ የባሰ የሚመስለው ያኔ ስለሆነ «ተበላሸሁ» ብለው ይቀራሉ፣ ወይም ገንዘቡ ያልቃል። ዋጋ ሲነገርሽ የአንዱን ነው ወይስ የሦስቱን ብለሽ አስጽፊ።

ግንባሩስ? የታችኛው ክፍል ወዲያው ተጎትቶ ይሰፋል፤ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ይሆናል። ከፀጉርሽ ሥር ያለው ሰፊው ክፍል ሳይገጥም ከቀረ በግድ አይሰፋም፣ ግራፍትም ባይለጠፍበት ይመረጣል። ክፍቱን ተትቶ በቅባትና በጎዝ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ በአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከዳር እየተሳበ ይሞላል። እናትሽ ይህን ሳያውቁ ካዩት «ሳይሰፉ ለቀቋት» ይላሉ። ደረቅ ቅርፊት እንዳይሠራ ማድረግ ነው ሥራው። የግንባር ጠባሳ ብዙውን ጊዜ ከሚፈራው በላይ ይደበዝዛል፤ ከጠባሳው በላይ ያለው የራስ ቆዳ ግን ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል፣ ጥቂቱ ሳይመለስ የሚቀርም አለ።

ቤት ስትገቢ፦

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከድልድዩ ሥር ካለው ጥሬ ሥጋ ደም ይንጠባጠባል። በቫዝሊን ጎዝ ላላ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ ከጠበቀ ደሙን ያንቀዋል፣ ፍላፑም ይሞታል። መነጽር፣ ጭንቅላት ላይ የሚጠመጠም ሻሽ፣ በአንገት የሚጠለቅ ልብስ አይሆንም፤ ከፊት የሚቆለፍ ልበሺ። ራስሽን በሁለትና ሦስት ትራስ ከፍ አድርገሽ ተኚ። ጎንበስ ብለሽ አትጥረጊ፣ አትጠቢ፤ አፍንጫሽን አትናፈጪ፤ ስታስነጥሺ አፍሽን ክፈቺ። የፊት ስፌት ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ይወጣል። ቅርፊቱ በጨው ውኃ በረጠበ ጥጥ ይጸዳል፣ ከዚያ ሐኪሙ ያዘዘው ቅባት ይቀባል።

በጥቁር ቆዳ ላይ የፍላፑን ጤንነት በቀለም ብቻ መለየት ያስቸግራል። በንጹሕ ጣት ቀስ ብለሽ ንኪው፦ ሙቅ ነው? ለስላሳ ነው? ጫን አድርገሽ ስትለቂ ቦታው በሁለት ሴኮንድ ገደማ ይመለሳል? መልካም። ወይን ጠጅ መስሎ፣ ተወጥሮ፣ እያበጠ ከሄደ ደም መልሱ ተዘግቷል። ገርጥቶ ከቀዘቀዘ ደም ቅዳው ነው። ሁለቱም ነገ የሚባሉ አይደሉም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ቆዪ የምንለው፤ ከኮምቦልቻ መኪና ተሳፍሮ መድረስ ለእንዲህ ያለው አይሆንም። ድልድዩ ሳይቆረጥ አፍንጫሽን ስትነኪ ግንባርሽን የነካሽ ቢመስልሽ ግን ጤና ነው፤ ነርቩ ገና ከግንባር ጋር ስለተያያዘ ነው። ሲቆረጥ ይደነዝዛል፣ ከዚያ በወራት ቀስ እያለ ይመለሳል።

ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ መቆም አለበት፤ ኒኮቲን ቀጫጭኑን ደም ሥር ያጠብበዋል፣ የፍላፑ ጫፍም መጀመሪያ የሚሞተው በዚህ ነው። ባታጨሺም አጠገብሽ አይጨስ፤ የምጣድና የከሰል ጭስም ይቅርብሽ። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው አትደብቂ፣ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል። አስፕሪንና መሰል የሕመም ማስታገሻዎችን ከሳምንት በፊት ስለ ማቆም ጠይቂ። ደም ማነስ ካለብሽ አስቀድሞ ይታከም።

ጾም ላይ ከዋለ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ቁስል የሚሞላው በፕሮቲን ነው፣ ለታመመ ሰውም ፈቃድ አለ። እንጹም ካላችሁ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው በየማዕዱ ይኑር። ጠበልን በተመለከተ፣ መጠጣቱን ማንም አይከለክልሽም፤ ፊት ላይ መጠመቁ ግን ሦስተኛው ቁስል ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይቆይ፤ ንጽሕናው ያልታወቀ ውኃ ልም አጥንት ላይ ከደረሰ የሚመጣው ኢንፌክሽን የተሠራውን ሁሉ ያቀልጠዋል።

ቀዳዳው ዳግም እንዳይጠብብ ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ይገባልሻል። መጀመሪያ ቀንም ሌሊትም፣ በኋላ ሌሊት ብቻ፣ ለወራት። የሚሰለቸው ይህ ነው፤ ሰልችቷቸው የተዉት ሰዎች ቀዳዳቸው ተመልሶ ይጠብባል። ጠባሳው ሲዘጋ በቀን ከ12 ሰዓት ያላነሰ የሚለጠፍ የሲሊኮን ፕላስተር ለሁለትና ሦስት ወር፣ ፀሐይ መከላከያ ክሬምና ሰፊ ባርኔጣ። በእኛ ቆዳ ጠባሳ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል።

ሠርጉ። መስከረም ላይ ብትጀምሪ እንኳ ሦስተኛው የሚያበቃው ኅዳር ላይ ነው፤ ጥር ላይ እብጠቱ አይወርድም፣ መስመሮቹም ገና ጎልተው ይታያሉ። የመጨረሻው ቅርጽ የሚታየው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ነው፤ በመካከሉ ለማጣራት አራተኛ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ቢጨመር አትገረሚ። ጠባሳሽ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶታል፣ ረግቷል፤ ጥቂት ወር ቢቆይ የሚበላሽ ነገር የለም። የእኛ አስተያየት መጀመሪያ አግቢ፣ ከዚያ ጀምሪ ነው። ከሠርጉ በኋላ እስከ መጨረሻው ቀዶ ሕክምና እርግዝና እንዳይኖር ግን ከባለቤትሽ ጋር ተመካከሩ፤ ማደንዘዣው ሊዘገይ ይገደዳል፣ ድልድይ ተንጠልጥሎ መዘግየት ደግሞ ከባድ ነው።

ለትምህርት ቤቱ የሦስቱንም ቀን በአንድ የሕክምና ወረቀት አስጽፈሽ አስገቢ። በመሃል ክፍል መግባት የሚቻል ቢመስልም የጠመኔ ብናኝ ለክፍት ግንባርና ለድልድዩ አይሆንም። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ክረምቱን መያዝ ከቻልሽ በጣም ጥሩ።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር በዚሁ እንጨምር። ፊት በውሻ ሲነከስ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ደርሶ ክትባቱን መጀመርና ከክትባቱ ጋር ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን መርፌ መጠየቅ ነው። የተገነጠለ ሥጋ ከተገኘ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በፕላስቲክ አስሮ፣ ፕላስቲኩን በረዶ ባለበት ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ፤ በረዶው ሥጋውን በቀጥታ አይንካ።

እህታችን፣ የሐኪሙን መልሶች ሰምተሽ ሁለተኛ አስተያየት ከፈለግሽ በየካቲት 12 ሆስፒታልም በአለርትም የፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል አለ፤ የመጀመሪያውን ሐኪም ማስቀየም አይደለም፣ የተለመደ ነው። እናትሽን አብረሻቸው ውሰጃቸው፤ ስለ ግንባሩ ጥያቄ ያላቸው እሳቸው ናቸው፣ ቁስሉን የሚያዩትም እሳቸው ናቸው። ከአደጋው በፊት የተነሣሻቸውን ፎቶዎች ፈልጊ፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከቀኝ ጎን፣ የምትስቂበትም ቢገኝ። የመታወቂያ ፎቶ ይሆናል፣ የምረቃም ይሆናል። ስልክ ላይ ብቻ ካሉ አሳትመሽ ያዢ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት እነሱ ናቸው።